የመኖሪያ ቤት ዋጋና የክረምት ውሃ በአዲስ አበባ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

ለሰው ልጅ ኑሮ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስፈልጉት ምግብ፥ ልብስና መጠለያ መሆናቸውን ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። ከሦስቱ መካከል ግን በአሁኑ ዘመን በከተማችን በአዲስ አበባ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሣው ሦስተኛው ይመስለኛል። ምግብ ቢወደድ ከሚበላው ላይ ጥቂት ይቀነሳል፤ ልብስም ቢያረጅ ተጠግኖ ይለበሳል፤ የቤት ኪራይ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ግማሹን ዛሬ፥ ግማሹን ነገ ልክፈል ቢሉትም አይሰማም።

በሰፈራችን ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሡ ሁለት ጭውውቶች አሉ። በበጋው ወራት የሚነሣው ስለ ቤት መወደድ ነው፤ በክረምቱ የሚነሣው ደግሞ ስለ ጎርፍ ነው። ሁለቱ ጭውውቶች በየጊዜያቸው ስለሚነሡ የማይገናኙ ይመስላሉ። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለተከበሩት መምህራን፥ ለወላጆችና ለትምህርት ጓደኞቼ ለማስረዳት የምፈልገው የሁለቱን መገናኘት ነው። ይኸውም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ቤት ሲወደድ ሰው ርካሽ ቦታ ይፈልጋል፤ ርካሹም ቦታ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ሆኖ ይገኛል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ቤት እንዴት ተወደደ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው የከተማዋ መሬት በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ስለ ነበረ፥ ከነዋሪው የሚበዛው ተከራይ ነበር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ግን የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተረከባቸው። የኪራዩ ልክ ዝቅ በማለቱ ብዙ ድኻ ቤተ ሰብ ተጠቅሟል። ይሁን እንጂ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ኪራይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ቤት ማደስ ስለማይቻል፥ የቀበሌ ቤቶች ከዓመት ወደ ዓመት እያረጁ ሄዱ። ጣራቸው ዛገ፤ ግድግዳቸውም ዘመመ።

ከዚያ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው በሕጉ መሠረት የሚገዛው ግንቡንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው፤ የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመንም 99 ዓመት ነው። ቢሆንም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች አንዱ መካከል ከተማ፥ ሁለተኛው ዳር ላይ ቢሆኑ ዋጋቸው እጅግ እንደሚለያይ ማንም ያውቃል። እንግዲህ በቤት ዋጋ ውስጥ ትልቁ ነገር ቦታው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶችን፥ ማለት ኮንዶሚኒየምን፥ በብዛት ማሠራት ጀመረ። ገዢው የዋጋውን 10፥ 20 ወይም 40 በመቶ አስቀድሞ ይቈጥባል፤ የቀረውን ከባንክ በሚያገኘው ብድር ይከፍላል። ስማቸው 10/90፥ 20/80ና 40/60 የተባለውም ስለዚህ ነው። ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ስለ ሆነና ፈላጊው ከቤቱ ቍጥር በብዙ ስለሚበልጥ፥ ተመዝግቦ ከዐሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ብዙ ነው። ከሰፋፊዎቹ መንደሮች አብዛኞቹ፥ ለምሳሌ ጀሞ፥ የካ አባዶ፥ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፥ የተሠሩት ከመካከል ከተማ ርቀው ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤት ያገኛል፤ ነገር ግን የሥራ ቦታው፥ ገበያውና ዕድሩ ከኋላው ይቀራሉ።

በቅርብ ዓመታት ዋጋው ይበልጥ የጨመረባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፥ የሕዝቡ መብዛት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ አራቱም ማዕዘን እንደ ሰፋች ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።

ሁለተኛ፥ የግንባታ ዕቃ መወደድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የፌሮው ጥሬ ዕቃ፥ የሊፍቱ፥ የኤሌትሪክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ የግንባታው ወጪ አብሮ ጨመረ።

ሦስተኛ፥ ቤት እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ መቈጠሩ ነው። የብር የመግዛት ኀይል ሲቀንስ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በቤት መልክ ማስቀመጥ ይመርጣል። እንዲህ የተገዛ ቤት አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይኖርበት ተቈልፎ ሲቀመጥ፥ ቤት የሚፈልገው ሰው ግን ከደላላ ወደ ደላላ ይዞራል።

አራተኛ፥ የመንደሮች መነሣት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደርና በወንዝ ዳር ልማት ምክንያት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ቤት ሲፈልግ ኪራይ መጨመሩ አይቀርም።

ይህንን በመመልከት በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፥ ተቈጣጣሪው ክፍል በሚያስታውቀው ልክ ነው። ወላጆች ይህንን አዋጅ ቢያነቡት መልካም ነው እላለሁ። አዋጁ ስለ ኪራዩ ልክ ይናገራል እንጂ ቤቱ በነሐሴ ወር ውሃ ይገባበት እንደ ሆነ ግን ተከራዩ ራሱ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። አዲስ አበባ የተሠራችው በተዳፋት ላይ ነው። በሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በእንጦጦ የወደቀው ዝናብ በከተማዋ መካከል እየሮጠ ይወርዳል። ቀበና፥ ግንፍሌ፥ ቀጨኔ፥ ቁርጡሜና ባንትይቀጡ የሚባሉት ወንዞቻችን ሁሉ ይህን ውሃ ተሸክመው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ እነዚህም ከአባ ሳሙኤል አልፈው ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ።

በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህም ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ በሒሳብ ብናየው ይገባናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወድቅ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ጣራው 100 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፥ ከዚያ ጣራ የሚወርደው 4,000 ሊትር ነው፤ ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 20 በርሜል ማለት ነው። በአንድ ሰፈር እንዲህ ያሉ 100 ቤቶች ቢኖሩ ከጣራቸው ብቻ 2,000 በርሜል ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ መንገድ ይለቀቃል።

ቀድሞ መሬቱ ሣርና ዛፍ ሳለ ከዚህ ውሃ ብዙው ወደ ውስጥ ይሰርግ ነበር፤ የቀረውም በሣሩ እየተያዘ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። አሁን ግን ጣራው ቆርቆሮ፥ ግቢው ሲሚንቶ፥ መንገዱም አስፋልት ስለ ሆነ፥ ውሃው የሚሰርግበት ቦታ አጥቶ ሁሉም በአንድነት ይሮጣል። ስለዚህ የዝናቡ ልክ ሳይለወጥ እንኳ ጎርፉ ሊጨምር ይችላል። በላይኛው ሰፈር አዲስ ሕንጻ በተሠራ ቍጥር የታችኛው ሰፈር ውሃ ይበዛል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨምሯል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ ብዙ ተን ይይዛል። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር ሊይዝ የሚችለው ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የዓለማችን ሙቀት ደግሞ ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት ከነበረው ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። በዚህም ምክንያት ኀይለኛ ዝናብ ሲመጣ ከቀድሞው ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። በላይኛው ምሳሌ 40 ሚሊ ሜትር በነበረው ዝናብ ላይ 7 በመቶ ብንጨምር፥ ከአንዱ ጣራ ብቻ 280 ሊትር፥ ማለት ከአንድ በርሜል የበለጠ ተጨማሪ ውሃ ይወርዳል። ቦዩና ቱቦው ግን የተሠሩት ለትናንቱ ዝናብ ነው።

የደረሰውን አደጋ ማስታወስም ይገባል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ ከተማ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚኖር ወንዝ ነው። ኀይለኛው ዝናብ የዘነበው በላይ ባለው ደጋ ስለ ነበረ፥ ውሃው በቆላ የተኙትን ሰዎች በድንገት ያዛቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። በከተማችንም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ጎርፍ 7 ሰዎች ሞተዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች አባባል በከንቱ አልተነገረም።

ጎርፍ ቤትን እንዴት ይጎዳል?

በአሮጌዎቹ ሰፈሮች አብዛኛው ቤት የተሠራው ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፥ ከጭቃና ከጭድ ነው። የጭቃ ቤት ደረቅ ሳለ ብርቱ ነው፤ ቀኑን ሙቀት፥ ሌሊቱን ብርድ ይከላከላል። ጠላቱ ከታች የሚመጣ ውሃ ነው። ውሃ በግድግዳው እግር ላይ ሲቆም ጭቃው ይለሰልሳል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፤ ከመሬት የገባው ቋሚም መበስበስ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በውስጥ ስለ ሆነ ከውጭ ልስን የተቀባ ቤት ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በጎርፍ ጊዜ ያልወደቀ ቤት በጥቅምት ፀሐይ መካከል ሲወድቅ ብናይ ሊያስደንቀን አይገባም።

የብሎኬት ቤት ከጭቃ ቤት ይልቅ ውሃን ይችላል፤ ነገር ግን እርሱም የሚቆመው በመሬት ላይ ነው። በቦሌና በአቃቂ ወገን ያለው ጥቁር አፈር፥ ገበሬዎች መረሬ የሚሉት፥ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው ቤት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ግድግዳው ከማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል። ጠንቃቃ ግንበኞች ይህን አፈር ቈፍረው አውጥተው በገረጋንቲ ይተኩታል፤ ወጪ ለመቀነስ ሲል ይህን የሚተው ግን አለ። የተተወውም ነገር ከሲሚንቶ በታች ስለሚቀበር ገዢው የሚያውቀው ስንጥቁን ሲያይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የጤና ነው። ጎርፉ የሚያመጣው የዝናብ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤቱንም፥ የቆሻሻ ገንዳውንም ጠርጎ ያመጣዋል። ውሃው ሄዶ እርጥበቱ ሲቀር ግድግዳው ይሻግታል፤ ሕፃናትም ሳል ይይዛቸዋል።

ሰው ይህን እያወቀ ለምን በወንዝ ዳር ይኖራል?

አንዳንድ ሰዎች በወንዝ ዳር የሚኖሩትን ሲነቅፉ እሰማለሁ። «አደጋውን እያዩ ለምን አይነሡም?» ይላሉ። ይህ ግን ነገሩን ካለማወቅ የመጣ ነቀፋ ነው።

በቀበና ወንዝ አጠገብ ባለው ሰፈራችን እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉን። ቤታቸው የቀበሌ ቤት ሲሆን ከወንዙ አፋፍ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ ሲገባ አልጋቸውን በአራት ብሎኬት ላይ ከፍ ያደርጋሉ፤ የዱቄቱን ከረጢት ከማገር ላይ ይሰቅላሉ፤ መታወቂያቸውንና የኪራይ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በመቀነታቸው ይይዛሉ። አንድ ቀን እንጀራ ልገዛ ሄጄ «እማማ፥ ለምን ሌላ ቤት አይፈልጉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ጎርፉ የሚመጣው በዓመት አንድ ወር ነው፤ የሰው ቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው። ደግሞስ እዚያ ማዶ ብሄድ እንጀራዬን ማን ይገዛኛል? ብሞትስ ማን ይቀብረኛል?» ብለው መለሱልኝ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኚህ ሴት ጎርፉን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል፤ አንዱን አደጋ ከሌላው ጋር መዝነው የመረጡት ነው። በአንድ በኩል ውሃ አለ፤ በሌላው በኩል የማይቻል ኪራይ፥ የደንበኛ ማጣትና ከዕድር መለየት አሉ። ስለዚህ ሰውን ከአደጋ ቦታ ማንሣት ብቻውን በቂ አይደለም። የሚሄድበት ቤት ኪራዩ የሚቻል፥ ለሥራው የሚቀርብና ጎረቤቶቹን የማያሳጣው መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ የተነሣው ሰው ሌላ ርካሽ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል፤ ያም ቦታ ሌላ የውሃ መንገድ እንዳይሆን ያሠጋል።

ቤት ከመከራየት ወይም ከመግዛት በፊት

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ቤተ ሰባችን የሚከራየው ቤት ሲፈልግ ደላላው ሁለት ቤቶች አሳየን። አንደኛው ሦስት ክፍሎች ያሉት፥ አዲስ ቀለም የተቀባና ኪራዩም ረከስ ያለ ነበር። ሁለተኛው ከዳገቱ ላይ ሆኖ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ ኪራዩም ከመጀመሪያው ይበልጣል። አባቴ የመጀመሪያውን ወደደው። እናቴ ግን አዲሱ ቀለም የተቀባው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ መሆኑን ተመልክታ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደች፤ ባለ ሱቁንም ስለ ክረምቱ ጠየቀችው። እርሱም ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ ሱቁ ባንኮኒ እንደሚደርስ ነገራት። ባለ ቤቱ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። እኛም ሁለተኛውን ቤት ተከራየን። ዛሬ እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ በአንድ ክፍል እናድራለን፤ አባቴም ለኪራዩ ጭማሪ ሲል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ደኅንነት ዋጋ እንዳለው ያወቅሁት ከዚህ ነው። ያንን ዋጋ መክፈል የማይችል ቤተ ሰብ እንዳለም አልዘነጋሁም፤ ቢያንስ ግን ምን እንደሚከራይ አውቆ ቢገባ ይሻለዋል።

ከእናቴና ከሌሎች ጎረቤቶች የተማርሁት የቤት መመርመሪያ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ቤቱን በበጋ ብታዩትም ስለ ክረምቱ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን፥ ባለ ሱቁንና ጥበቃውን ይሁን።

2ኛ. የግድግዳውን እግር ተመልከቱ። ቀጥ ያለ የቡና ቀለም መስመር፥ የተነፋ ልስን፥ ወይም ከታች ብቻ የተቀባ ቀለም የውሃ ምልክት ነው።

3ኛ. በሩን ተመልከቱ። በደጃፍ ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደፍ ከተሠራ፥ ወይም የአሸዋ ከረጢት ከተቀመጠ፥ ያለ ምክንያት አይደለም።

4ኛ. ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ብሎ እንደ ሆነ እዩ። መንገድ በታደሰ ቍጥር ከፍ ስለሚል፥ ቀድሞ ደረቅ የነበረ ቤት ከመንገዱ በታች ሊቀር ይችላል።

5ኛ. በአቅራቢያው ያለውን ቦይ ተከትላችሁ ውሃው የት እንደሚሄድ እዩ። መውጫ የሌለው ቦይ በክረምት ሐይቅ ይሆናል።

6ኛ. በማዕዘንና በመስኮት ላይ ያሉትን ስንጥቆች ተመልከቱ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ መሐንዲስ ወይም የታወቀ ግንበኛ ሳያየው አትግዙ።

7ኛ. ዋስትና የሚገባ ሰው ቢኖር ጎርፍ በውሉ ውስጥ መጻፉን ያረጋግጥ፤ የእሳት ዋስትና ብቻውን የጎርፍን ጉዳት ላይከፍል ይችላል።

ምን ማድረግ እንችላለን?

ትልቁ ሥራ የመንግሥትና የከተማው አስተዳደር እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ቦዮችን ማስፋት፥ የውሃ መንገድ ላይ ቤት እንዳይሠራ መከልከል፥ የተዳፋቱን ደን መጠበቅ፥ ድኻ ሊከፍለው የሚችለው ቤት በደኅና ቦታ ማዘጋጀት የእነርሱ ተግባር ነው። ነገር ግን እኛም ተማሪዎችና ወላጆች ልንሠራው የምንችለው አለ።

አስቀድሞ፥ የጣራን ውሃ መያዝ ነው። ጥሩ አሸንዳ ያለውና 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ የተከለ ቤት፥ ከላይ በተናገርነው ዝናብ ጊዜ ወደ መንገድ የሚለቀቀውን ውሃ በግማሽ ይቀንሳል። በቀን 250 ሊትር ለሚጠቀም አምስት ሰው ላለበት ቤተ ሰብም ያ ውሃ ለስምንት ቀን ልብስ ማጠቢያና ወለል መወልወያ ይሆናል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሮቶ መግዛት ያልቻለ በበርሜል ይጀምር።

ሁለተኛ፥ ቦይን መጥረግ ነው። ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ የዘጋው ቱቦ ምንም ሰፊ ቢሆን ጥቅም የለውም። በየሰፈሩ ያሉ ዕድሮች ከሰኔ በፊት አንድ ቀን ወስነው ቦያቸውን ቢጠርጉ፥ የብዙ ቤት እግር ይተርፋል። ዕድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ሰው እንዳይሞትም ሊሰበሰብ ይችላል።

ሦስተኛ፥ በግቢያችን ያለውን መሬት ሁሉ በሲሚንቶ አለመሸፈን ነው። ጥቂት ሣርና ጥቂት ዛፍ ያለበት ግቢ ውሃን ያሰርጋል፤ ለታችኛው ጎረቤትም ይራራለታል።

አራተኛ፥ በክረምት ሌሊት ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ መስማማት ነው። የደቻቱ ጎርፍ ብዙ ሰው የገደለው በእንቅልፍ ሰዓት በመምጣቱ ነው። ከወንዝ አጠገብ ያሉ ቤቶች በላይኛው ሰፈር ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ስልክ ቢለዋወጡ፥ አንድ ጥሪ የብዙ ሰው ነፍስ ያድናል።

አምስተኛ፥ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ አለ። በሚመጣው ክረምት የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክበብ በየሰፈራችን ውሃ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ እንዲያሰፍር ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን አንድ መንገድና አንድ ቦይ ቢያመጣ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም ቤት ፈላጊ ሊያየው የሚችል ካርታ ይገኛል። ካርታውም በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፥ ወላጆች ከደላላው አፍ ብቻ የሚሰሙት ዘመን ያልፋል። ሥራው ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ ከተካፈልነው ቀላል ይሆናል።

የቤት ዋጋ ነገ ይቀንሳል ብዬ ለማንም ተስፋ መስጠት አልችልም፤ ዝናቡም እኛን አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በእንጦጦ የወደቀው ውሃ በየት በኩል ወርዶ የማንን ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ማወቅ እንችላለን። ይህንን ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በክረምት ዓይንን ከፍቶ ማየትንና ያዩትን ለጎረቤት መንገርን ነው። ካርታውን ለመጀመር የሚፈልጉ የትምህርት ጓደኞቼ ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።